በተበዳዩ ዘንድ ይማር

ጋሽ ፊሽካ ሁለት ጥርስና አንድ ፊደል ያጣው በአንድ ቀን ነው። ጥርሶቹ የፊት ለፊቶቹ ናቸው፤ ፊደሏ ደግሞ «ስ» ናት። ጥርሶቹ ከሄዱ ወዲህ «ስ» ባለበት ቃል ሁሉ ንፋስ እየገባበት፣ ሰውን ሰላም ሲል እንኳ ያፏጫል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በፊሽካ ሲያፏጭ የኖረ ሰው ያለ ፊሽካ ማፏጨት መጀመሩን ባለቤቱ «ዕድገት ነው» ትለዋለች። እሷ ምን ቸገራት፤ ጥርሷ ሙሉ ነው።

ሥራው ሁለት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የውሃ ቆጣሪ ያነባል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ የሰፈር ልጆችን የእግር ኳስ ግጥሚያ ይዳኛል። የመጀመሪያው ደመወዝ ያመጣለታል፤ ሁለተኛው ስም አወጣለት።

ጥርሶቹን የወሰደበት ልጅ ክብሪት ይባላል። አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ወር የቀረው የግራ ክንፍ ተጫዋች ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ ቶሎ የሚለኮስ። በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ሰው ጠልፎ ቢጫ አየ፤ ቢጫውን ተሳድቦ ሌላ ቢጫ አየ፤ ቀዩም ተከትሎ መጣ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አምስት እርምጃ ያህል ሄደ። ጋሽ ፊሽካም ነገሩ ያለቀ መስሎት ሰዓቱን ለማየት ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ቡጢው ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ሁሉ ከመሬት የታየ ነው። ሰማይ፣ ብዙ ካልሲ፣ አጠገቡ የወደቀ ቀይ ካርድ፣ ከካርዱ ጎን ደግሞ የገዛ ጥርሱ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ለቤት ዞረ። ቆጣሪ ሊያነብ በየግቢው ሲያንኳኳ ሰው ሁሉ ከውሃው በፊት ፍርድ ይሰጠዋል። ጡረታ የወጣው ወታደር «አምስት ዓመት ወህኒ!» አለ። ልብስ አጣቢዋ «ሃያ ጅራፍ! እኛስ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» ስትል፣ ባሏ ከውስጥ ሆኖ «ማን ሰው ሆነ አለሽ?» አላት። አንዲት አሮጊት መምህርት ደግሞ «ልጅ ከሌባ ጋር ቢታሰር ሌብነት ተምሮ ነው የሚወጣው» አሉ። ጎረቤታቸው ባጥር ላይ ብቅ ብላ «በእርስዎ ጥርስ ቢሆን እንዲህ ይሉ ነበር?» ብትላቸው፣ «የኔማ ካለቀ ቆየ» ብለው አሳቋት። ጋሽ ፊሽካ አርባ ሦስት ቤት ገብቶ አርባ ሦስት ፍርድ ይዞ ወጣ፤ ከሁሉም የወደደው ግን የወታደሩን ነው። ክብሪት ጥርሱ ውስጥ ገብቷል፤ ጥርሱ ባይኖርም።

ለማንም ያልነገረው ነገርም ነበረው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ወደ እሱ ሲሮጥ ካየ፣ ሯጩ አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሁለት ጊዜ ለጨዋታ ተመደበ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ጥርሴ ፊሽካ አይዝም» ብሎ ቀረ። ጥርሱስ ይሁን፣ ለጥርስ ሐኪም አለ። ሜዳውን መፍራቱ ነበር የሚያንገበግበው።

የችሎቱ ቀን ደረሰ።

«ሥራዎ?» አለች ዳኛዋ፣ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ እያወረደች።

«ዳኛ ነኝ።»

ቀና አለች። «የት ነው የሚያስችሉት?»

«ከገበያው ጀርባ፣ ሜዳው ላይ።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለው መዝገብ የሚያስቅ አልነበረም። «መልካም፤ እንግዲህ የሙያ ባልደረቦች ነን» አለች። «ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ?»

«ክብርት ዳኛ፣ ቀይ ያየ ይወጣል። ሕጉ ይኸው ነው። ማረሚያ ይግባልኝ።»

«በእናንተ ሜዳ ቀይ ያየ ለስንት ጨዋታ ነው የሚወጣው?»

«እንደ ጥፋቱ ነው። ለሦስትም፣ ለአምስትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመለሳል» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ግን ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ጥርስ የሌለው አፍ ደግሞ በር የሌለው ቤት ነው።

ክብሪት ተከሳሽ ቦታ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። ከኋላ የተቀመጠችው እናቱ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ሻጭ የሆነች ሴት፣ መሐረቧን እንደ ሊጥ ታሻለች። ዳኛዋ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሰዓቷን አየችና በአንድ ትንፋሽ ለጸሐፊው አስጻፈች፦

«ጥፋተኛነቱ ተረጋግጧል። ዕድሜው ታይቶ ተከሳሹ በተበዳዩ ዘንድ ይማር። ካልተማረ ግን ማረሚያ ተቋም ገብቶ አንድ ዓመት ይቆይ። መማር አለመማሩን ተበዳዩ ከሦስት ወር በኋላ ቀርቦ ያስረዳ። ቀጣይ መዝገብ!»

እናትየው እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ፖሊሱ ባይቆጣት ኖሮ ከዳኛዋ እግር ሥር ትወድቅ ነበር። ጋሽ ፊሽካን ገረመው። ልጄ ትምህርት ታዘዘለት ብላ ይህን ያህል የምትፈነጥዝ እናት አይቶ አያውቅም። እሱ ግን ደሙ ፈልቷል። ቤቱ እስኪደርስ መንገዱን ሁሉ ለራሱ ሲያወራ ሄደ።

«ተመትቼ እኔው ላስተምር!» አለ ለባለቤቱ፣ ኮፍያውን አልጋ ላይ እየወረወረ። «ይሄ የእሱ ቅጣት ነው የኔ?»

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ነው ነገር የምትሰማው። «ምን አሉ በትክክል?»

«በተበዳዩ ዘንድ ይማር! ተበዳዩ እኔ አይደለሁ? እኔ ዘንድ ይማር! ምን ላስተምረው፣ ቆጣሪ ማንበብ?»

«ዳኝነት አስተምረው። ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«አላደርገውም!»

«ተው እንጂ። የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው እያልክ ስንቱን ያባረርክ ሰውዬ፣ ዛሬ ባንተ ሲደርስ ልትከራከር ነው? ቢጫ ነው ይሄ።»

በገዛ ገመዱ ታሰረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲደጋግም ኖሮ አሁን እንዴት ይዋጠው?

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ እናትየው ልጇን በእጁ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ይኸው አምጥቼዋለሁ፣ ጋሽዬ» አለች። «እስኪማር ድረስ ከደጅዎ አይጠፋም። አደራዎን።» ጋሽ ፊሽካም በልቡ «ትምህርት ወዳድ ናት ሴትዮዋ» አለ።

ማስተማሩ በክፋት ነበር የተጀመረው፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ሳምንት የመስመር ዳኞችን ባንዲራ ሲያሳጥበው ሰነበተ። ንጹሑንም አሳጠበው። ሁለተኛውን ሳምንት ወደ ኋላ አሮጠው፤ ዳኛ ኳሷን እያየ ወደ ኋላ መሮጥ አለበት ብሎ፣ ግቢው ውስጥ ካጥር እስከ አጥር፣ የተሰጣውን ልብስ እየጠለፈ። ከዚያ መጽሐፉን አወጣ። አሥራ ሰባቱን የጨዋታ ሕጎች አንድ በአንድ፣ በተለይ አሥራ ሁለተኛውን፣ ስለ ጥፋትና ስለ ቅጣት የሚናገረውን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ልጁ ለመናገር አፉን ከከፈተ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ይለዋል።

ክብሪት አንድም ቀን አልቀረም። ቀድሞ ይመጣል፣ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፣ የታዘዘውን ያለ ቃል ይሠራል። ጋሽ ፊሽካ ሊቆጣው ምክንያት እየፈለገ ያጣል፤ ሰውን ለመጥላት ደግሞ ሰውየው ትንሽ ሊተባበር ይገባል። አንድ ነገር ብቻ አለ። ማታ ማታ ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ይቆማል። አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሁለት፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሁሉ እግሩን እያፈራረቀ ይቆማል።

«ልጁ እኮ ርቦት ነው» አለች ባለቤቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊወጣ ሲል ዳቦ ትሰጠዋለች። ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ደግሞ ትንሽ ይቆምና ይሄዳል። «አንድ አይበቃውም መሰለኝ» ብላ ሁለት አደረገችለት።

ሳይታወቀው ማስተማሩ ጣመው። አንድ ቀን ስለ ካርድ አወጣጥ ሲያስረዳ እንዲህ አለው፦ «ከተናደድክ ካርዱን አታውጣ። መጀመሪያ ፊሽካውን ካፍህ አውርድና እስከ አምስት ቁጠር። በተናደደ እጅ የወጣ ካርድ ካርድ አይደለም፤ ጥፊ ነው።» ይህን ብሎ መጽሐፉን ከደነ። በግማሽ ፍጻሜው ቀን ቀዩን ሲያወጣ ቆጥሮ ነበር? አልቆጠረም። ልጁ ተሳድቦት ነበር፤ ካርዱም ፊቱ ድረስ ነበር የሄደው። በእርግጥ ካርድ ጥርስ አይሰብርም። ቢሆንም ነገሩ ከነከነው።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ፣ ሕግ አሥራ አራትን ጨርሰው ሲነሡ፣ ክብሪት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቅ።»

«መቼ ነው የምማረው?»

ጋሽ ፊሽካ መጽሐፉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ምን አልክ?»

«እማዬ በየቀኑ ዛሬስ ተማርክ ወይ ትለኛለች። ገና ነኝ እላታለሁ።»

«ገና ነኝ? ሁለት ወር ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስተምሬህ ገና ነኝ? አሥራ ሁለተኛውን በቃልህ ወጥተኸው የለም እንዴ?»

«እሱንማ ተማርኩ።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«መማር።»

«ትቀልድብኛለህ?»

«ኧረ በፍጹም! ከተማርኩ በኋላም መምጣት እችላለሁ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ መማሬን ብቻ ልወቅ ብዬ ነው። ካልተማርኩ እኮ አንድ ዓመት...»

የስፌት መኪናዋ ቆመች። ባለቤቱ መርፌ ከአፏ አውጥታ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ሰውዬ» አለች፣ «ልጁ እኮ ምህረት ነው የሚልህ። ማረኝ ነው የሚልህ!»

የፍርዱ ወረቀት ከመሳቢያ ወጣ። ጋሽ ፊሽካ መነጽር ሰክቶ አነበበው፤ ጮክ ብሎም አነበበው። «ይማር።» ትምህርት ያገኘም ተማረ፣ ምህረት ያገኘም ተማረ። በዓይን ቢያዩት አንድ፣ በጆሮ ቢሰሙት አንድ። እሱ ሰምቶ «አስተምር ተባልኩ» ብሏል፤ እናትና ልጅ ሰምተው «ሄዳችሁ ምህረት አግኙ ተባልን» ብለዋል። ያቺ ሴትዮ ያን ሁሉ የተደሰተችው ለትምህርት አልነበረም!

«እና በር ላይ የምትቆመው?» አለች ባለቤቱ።

«ዛሬ ማርኩህ ይሉኝ እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

«እኛ እኮ ዳቦ ፈልገህ መስሎን!»

«እማዬ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው» አለ ክብሪት። «እቤት ዳቦ ሞልቷል። ግን እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።»

ባለቤቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጋሽ ፊሽካም አልቻለም፤ እያፏጨ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፤ በሁለት ወር ውስጥ ጥርሱን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ጥሩ ጥርስ ነበረው። ከዚያ ባለቤቱ ዓይኗን እያበሰች «ታዲያ ማርከው?» አለች፤ ሳቁም እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

ጋሽ ፊሽካ ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ። «ይቅርታ እንኳ ብሎኝ አያውቅም» አለ።

«ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሕግ ያነቡልኛል።»

እውነቱን ነው። ጋሽ ፊሽካ ወለሉን አየ። ልጁ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ «ይቅርታ ጋሽዬ። ያን ቀን አምስት እርምጃ ሄጄ ነበር። ስድስተኛውን ብሄድ ኖሮ እላለሁ፤ ማታ ማታ ስተኛ እሱን ነው የማስበው» አለ።

«ሰማሁህ» አለ ጋሽ ፊሽካ። «አልዋሽህም ግን። ማስተማር ቀላል ነው፤ መጽሐፍ አለው። ይሄኛው መጽሐፍ የለውም። በአፌ ምሬሃለሁ ብልህ ሆዴ ሌላ ነው የሚለው። ጥርሴን ብቻ አይደለም የወሰድክብኝ።» ስለ ጉልበቱ ሊናገር ነበር፤ ተወው። «ቀጠሮው ሦስት ሳምንት አለው። ነገም ና።»

ክብሪት የዚያን ቀን በሩ ላይ አልቆመም፤ ዳቦውንም ሳይወስድ ሄደ።

በሳምንቱ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ደረሰለት። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤ ሆድ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃልና። የጋሽ ፊሽካ ጥርስ ግን የምር ባዳ ሆነ፤ ሲያወራ ይወዛወዛል፣ ሲያስነጥስ ሊሄድ ይነሣል። በዚያው ቅዳሜ ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ግጥሚያ ነበር፤ የተመደበው ዳኛ ትኩሳት ያዘኝ ብሎ ቀረ። አስተባባሪው ጋሽ ፊሽካን ለመነው። ጋሽ ፊሽካ ሜዳውን አየ፣ ጉልበቱን አዳመጠ፣ ከዚያም ፊሽካውን ለክብሪት ሰጠው።

«እኔ?» አለ ልጁ።

«ሕፃናት ናቸው። ምን ያደርጉሃል?» ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት የሚለውን ተረት ረስቶት ነው። እሱ ራሱ ሌላኛውን የድሮ ፊሽካውን በእጁ ጨብጦ መስመሩ ዳር ቆመ።

ልጁ በደንብ አጫወተ። ኳሷን እያየ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የታጠበው ባንዲራ፣ የተጠለፈው ልብስ፣ ሁሉም ለካ አልባከነም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የአንዱ ቡድን ግብ ጠባቂ፣ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ባለ ሁለት ጉንጉን ልጅ፣ ከክልሏ ወጥታ ኳሷን በእጇ ያዘች። ፊሽካ ተነፋ። ቅጣት ምት፤ ጎል። ግብ ጠባቂዋ ዓይኗ ደም ለብሶ እየሮጠች መጣችና የዳኛውን ክንድ ከነሹራቡ ነከሰችው።

ክብሪት አልጮኸም። ጋሽ ፊሽካ ከዳር ሆኖ ከንፈሩን አየ፤ ፊሽካውን ካፉ አውርዶ እየቆጠረ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ሲደርስ ልጅቷ ለቀቀችውና አፏን በእጇ ይዛ አገር ይያዝልኝ አለች። በጣቶቿ መሃል ደም ይታያል። ከፊት ያለው ጥርሷ የለም።

«ጥርሷን ሰበራት!» የሚል ድምፅ ከዳር ተሰማ። አባትየው ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር፣ እሱም ራሱ ከባድ መኪና የሚያህል። «ያው እሱ ነው! ያ ዳኛ የደበደበው ዱርዬ ነው! ልጄን መታት!» እያለ እጁን ሰንዝሮ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ።

ክብሪትም አባትየውን አየ፣ የሰውን ሁሉ ፊት አየ፣ ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ሰማይ አነሣ። ሊከላከል አልሞከረም። ማን ያምነኛል ብሎ የጨረሰ ሰው አነሣስ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ጥርስ ቢወድቅ ማን እንደሰበረው የሚጠይቅ የለም፤ ማረሚያውም ያለ ቀጠሮ ይመጣል።

ጋሽ ፊሽካ መቼ እንደተነሣ አያውቀውም፤ እየሮጠ ነበር። ጉልበቱ አልጠየቀውም፣ እሱም ጉልበቱን አልጠየቀም። የሚሮጠውን ከባድ መኪና ፊት ለፊት ገጠመው፣ በሁለቱ መሃል ገብቶ ቆመ፣ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋ።

ድምፁ ወጣ። ጥርሱም ወጣ። ፊሽካውና ሁለቱ ባዳ ጥርሶች አብረው በረው የሾፌሩ ደረት ላይ አርፈው ሣሩ ላይ ወደቁ።

ሾፌሩ ቆመ። የተሰነዘረው እጁ አየር ላይ ቀረ። እጁን ያነሣው ለጥርስ ነበር፤ ጥርስ ሲዘንብበት ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። መጀመሪያ የሳቁት ሕፃናቱ ናቸው።

«ማንም ማንንም አልመታም!» አለ ጋሽ ፊሽካ፣ በድዱ። የክብሪትን ክንድ ይዞ እጅጌውን ገለበጠ። ሹራቡ ላይ አንዲት ነጭ የወተት ጥርስ ተሰክታለች። «ይኸውልህ። ነክሳው ነው። ድሮም ልትነቀል የደረሰች ጥርስ ናት። እኔ ዓይኔ እያየ ነው፤ ይሄ ልጅ እጁን አላነሣም!»

ሾፌሩ ወደ ሴት ልጁ ጎንበስ አለ። «እውነት ነው?»

ልጅቷ ለቅሶዋን አቋረጠች። «ነክሼው ነው፣ አባዬ» አለች። ቀጥላም ምላሷን በክፍተቱ እያስገባች፣ «ስ ማለት አልችልም!» ብላ ጮኸች።

«እኔም» አለ ጋሽ ፊሽካ። ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ጥርሱን ከሣሩ ላይ ፈልጎ በመሐረቡ ጠርጎ ያቀበለውም እሱ ነው፤ ክብሪትንም ትከሻውን ይዞ ይቅርታ ጠየቀው።

ክብሪት አምስተኛውን ቆጠረ መሰለኝ፣ ከኪሱ ቀዩን አውጥቶ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ በቀስታ አሳያት። ልጅቷም አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ ስድስተኛውንም እርምጃ ሄደች።

ከጨዋታው በኋላ ልጁ የዳኛ ሪፖርቱን ሲሞላ ጋሽ ፊሽካ ከትከሻው በላይ አነበበ። ጥፋት በሚለው ሥር «ዳኛ ነከሰች» ይላል። የተጠየቀ ቅጣት በሚለው ሥር ደግሞ «በተነከሰው ዳኛ ዘንድ ትማር» ይላል።

«የትኛው ትማር?» አለ ጋሽ ፊሽካ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሽዬ» አለ ልጁ፣ ብዕሩን እየከደነ። «ለኔ ራሴ ገና አልተነገረኝም።»

ጋሽ ፊሽካ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ጥርሱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ያለ ጥርስ ነው የተናገረው። «ምሬሃለሁ» አለ። «እጆችህን ወደ ላይ ያነሣህ ጊዜ ነው የማርኩህ። ሁለት ወር ዘገየሁ፤ እሱን ደግሞ አንተ ማረኝ።» ወደ ቤት ሲሄዱ ክብሪት ሩጫ በሚያህል እርምጃ ነበር የሚሄደው፤ ለእናቱ ለመንገር።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ መዝገቡን ገለጠች። «ተማረ?» አለች።

«ተምሯል፣ ክብርት ዳኛ» አለ ጋሽ ፊሽካ፣ ጥርሱን በምላሱ ደግፎ። «ግን ሳንጠይቅዎ የቀረነው ነገር ነበር። ይማር ሲሉ የትኛውን ነበር?»

ዳኛዋ ጽሑፉን አነበበች። ደግማ አነበበች። ወደ ጸሐፊው ዞረች፤ ጸሐፊው ትከሻውን ነቀነቀ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት መቶ መዝገብ አልፏታል። «የቱን አደረጉት እርስዎ?» አለች በመጨረሻ።

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው እሱን ነው ያልኩት» አለችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ መለሰች። ያን ጊዜ ነው ከክብሪት ጎን ባንዲራ ታቅፋ የቆመችውን ባለ ሁለት ጉንጉን ልጅ ያየቻት። «ይቺስ ማናት?»

«የኔ ናት፣ ክብርት ዳኛ» አለ ክብሪት። «እኔ ዘንድ ነው የምትማረው። ሕግ ሁለት ላይ ደርሰናል፤ ኳስ ክብ ናት የሚለው ላይ።»

«ይቅርስ ብለሃታል?»

«እሱንማ በዚያው በነከሰችኝ ቀን ነው የነገርኳት» አለ ልጁ። «በር ላይ መቆም እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ።»

ጋሽ ፊሽካ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ክሩ አልተፈታም ነበር።